ዑመር ኢብኑል ኸጧብ፦ ዛፍ እንዳይቆረጥ በቀትር የዞሩት ኸሊፋ

እህቴ፣ የሪያድ ሙቀት በርዶ ብርዱ ሲገባ ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ሐሙስ ከሰዓት መኪናው ይጫናል፤ ምንጣፉ፣ የቡናው ደላ፣ ሩዙ፣ ሥጋው፣ የልጆቹ ብርድ ልብስ። ከሽታ ነው። ቤተሰቡ ወደ ሱማማ ወይም ከዚያ አልፎ ወዳለው በረሃ ይወጣል፤ አንቺም አብረሽ ትወጫለሽ። ጀንበር ስትጠልቅ እሳት ይፈለጋል። ከቤት የመጣው ማገዶ ካነሰ ደግሞ ዓይን ሁሉ ወደ አንቺ ይዞራል። እዚያ ማዶ ከሚታየው ግራር ጥቂት እንጨት ሰብረሽ እንድታመጪ ትታዘዣለሽ።

ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በዚህች ትንሽ ትዕዛዝ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎች አሉ። ባለቤት የሌለው የሚመስለው የበረሃ ዛፍ የማን ነው? ቢጎዳስ የሚጠየቀው ማን ነው፤ ያዘዘው ወይስ የቆረጠው?

ከ1,400 ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ ምድር ላይ እነዚህን ጥያቄዎች በሥራ የመለሱ ሰው ነበሩ። ስማቸውን ሪያድ ውስጥ በመንገድ ታፔላ ላይ ሳታይው አትቀሪም፤ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ)። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ኢየሩሳሌምን በተረከቡበት፣ ጦራቸው ፋርስንና ግብፅን በያዘበት ታሪክ ነው። እኔ የአረብኛ ተማሪ ሳለሁ በድሮዎቹ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘኋቸው ሌላው ዑመር ግን ስለ ሣር፣ ስለ ቅጠልና ስለ ማገዶ የሚጨነቁ ሰው ናቸው። ዛሬ የማጫውትሽ ስለ እኚህኛው ነው።

ዑመር የተወለዱት መካ ውስጥ፣ ከቁረይሽ ነገድ በኒ ዐዲይ ከተባለው ጎሣ፣ በ584 ገደማ ነው። ዓመታቱን የምነግርሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በየመን የነበረው የሐበሻ ገዥ አብርሃ ዝሆን ይዞ ወደ መካ ከዘመተ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል በኋላ መሆኑ ነው። አባታቸው ኸጧብ ልበ ደረቅ ሰው ነበር። ልጁን ከመካ ውጭ ደጅናን በሚባል ስፍራ ግመል ያስጠብቀው ነበር። ዑመር አንዱን ቀን ማገዶ ለቅመው በግመል ይጭናሉ። ሌላውን ቀን ዛፍ በበትር እየመቱ ቅጠል ያረግፋሉ፤ የረገፈው ቅጠል ለግመሎቹ መኖ ይሆናል። ሲሠሩ አባታቸው ያለ ዕረፍት ያደክማቸዋል፤ ሲያጓድሉ ይመታቸዋል።

ይህን ራሳቸው ዑመር ናቸው የተረኩት። ኸሊፋ ከሆኑ በኋላ ከሐጅ ሲመለሱ በዚያው ስፍራ አለፉ። ቆም ብለው የልጅነታቸውን ኑሮ ለጓደኞቻቸው ነገሩ። ያኔ በአባት በትር ሥር የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ከአላህ በቀር ከበላዩ አዛዥ የሌለው ሰው መሆኑ ራሳቸውን አስገረማቸው። የሰው ትዕዛዝ ተሸክሞ ማደር ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ኖረውበታል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎችን ወደ እስልምና መጥራት ሲጀምሩ ዑመር ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ነበሩ። በ615 ገደማ ስደት የበረታባቸው ሙስሊሞች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ምድር ሲሄዱ ዑመር ገና በተቃውሟቸው ላይ ነበሩ። አንዲት ሴት ጓዟን ሸክፋ ለጉዞ ስትነሣ ደረሱባት፤ መሄዷን ሲሰሙ ግን እንደ ወትሯቸው አልተቆጡም፤ አዝነው በደኅና እንድትገባ ተመኙላት። ባሏ ሲመለስ ይህን ብትነግረው የኸጧብ አህያ እስኪሰልም ድረስ ዑመር አይሰልምም ብሎ ቀለደባት። ብዙም ሳይቆይ ዑመር ሰለሙ።

ከነቢዩ ሞት በኋላ አቡበክር፣ ከእሳቸው በኋላ ደግሞ በ634 ዑመር ኸሊፋ ሆኑ። ዐሥር ዓመት ከጥቂት ወራት ገዙ። ግዛታቸው እጅግ ሰፋ፤ ወርቅና ብር መዲና ገባ። እሳቸው ግን የተጣፈ ልብስ ለብሰው ነበር የሚታዩት። በኤፍራጥስ ዳር አንዲት እንስሳ በቸልታ ብትጠፋ አላህ እኔን ይጠይቀኛል ብለው ይፈሩ እንደነበር ይተረካል። መዲናና ኤፍራጥስ የብዙ ቀን መንገድ ይራራቃሉ። በዑመር ዘንድ ግን ሥልጣን የደረሰበት ስፍራ ሁሉ ተጠያቂነትም ይደርስ ነበር።

አሁን ወደ ዛፉ እንምጣ። አረቦች ሒማ የሚሉት ነገር አለ፤ በእኛ ቋንቋ ክልክል ማለት ነው። የመንዝ ልጅ ከሆንሽ ጓሳን ታስታውሻለሽ፤ በቄሮ ሥርዓት፣ በአባቶች ደንብ፣ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋና ቀኑ ሲደርስ ብቻ ለመታጨድ ይከፈት ነበር። ከእስልምና በፊት በአረብ ምድር የነበረው ክልክል ግን ሌላ ነበር። ጉልበተኛ አለቃ ጥሩ ግጦሽ ሲያገኝ ከፍታ ላይ ውሻ ያስጮሃል ይባላል፤ ጩኸቱ እስከሚሰማበት ያለው ሣርና ዛፍ ሁሉ የእሱ ብቻ ይሆናል። ነቢዩ ይህን አስቀሩ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው ለራሱ ጥቅም የጋራ ግጦሽ መከለል አይችልም፤ ክልክል የሚሆነው ለሕዝብ ጥቅም ሲሆን ብቻ ነው። እሳቸው በመዲና አቅራቢያ ነቂዕ የተባለውን ስፍራ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከለሉ። የመዲና ዙሪያም እንደ መካ ዛፉ የማይቆረጥበት ሐረም ሆነ።

ዑመር በዘመናቸው ረበዛንና ሸረፍን ከለሉ። ረበዛ ከመዲና በስተ ምሥራቅ ያለ የግጦሽ ምድር ነው። ነገሩ ግን ያለ ክርክር አላለፈም። አንድ የበረሃ ሰው መጥቶ ፊት ለፊት ሞገታቸው። በጃሂሊያ ዘመን የተዋጋንበት፣ በእስልምናም የሰለምንበት የራሳችን አገር ነው፤ በምን ምክንያት ትከለክለናለህ የሚል ነበር አቤቱታው። ዑመር አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ፤ ሲጨነቁ እንደሚያደርጉት ሪዛቸውን ይጠመዝዙ ጀመር። የሰውዬው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ምድሩ የአላህ መሆኑን፣ ሕዝቡም የአላህ ባሮች መሆናቸውን፣ ለሕዝብ የሚያገለግሉት እንስሳት ባይኖሩ ኖሮ ግን አንዲት ስንዝር መሬት እንኳ እንደማይከልሉ መለሱለት። ከዚህ መልስ የምንማረው አለ፤ ደን ወይም ግጦሽ የሚከልል ሰው ለምን እንደከለለ ለድኃው ማስረዳት አለበት።

ለክልክሉ ጠባቂ አድርገው የሾሙት ሁነይ የተባለ ነፃ ያወጡትን አገልጋያቸውን ነው። የሰጡት መመሪያ ከአረብኛ የሕግ ጽሑፎች ሁሉ እኔን ደጋግሞ ያስደንቀኛል። ሰዎችን በትሕትና እንዲይዝ፣ የተበዳይን ጸሎት እንዲፈራ አዘዙት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው አስገባው አሉት። የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዲያርቅ ነገሩት። እነዚህ ሁለቱ የነቢዩ ታላላቅ ባልደረቦችና የመዲና ባለጠጎች ነበሩ። ምክንያቱንም ገለጹለት፦ የእነሱ ከብት ቢያልቅ የሚመለሱበት የተምር ተክልና እርሻ አላቸው፤ የድኃው ጥቂት በጎች ካለቁ ግን ልጆቹን አስከትሎ ደጄ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወርቅና ብር ከመስጠት ዛሬ ሣርና ውኃ መስጠት ይቀላል። ብዙ ያለው ሰው ብዙ መንጋ ስለሚያሰማራ ምድሩን የሚያራቁተው እሱ ነው፤ ስለዚህ ክልከላው ከእሱ ይጀምራል።

ከታሪካቸው ሁሉ ግን ለአንቺ ልነግርሽ የጓጓሁት ይህን ነው። ዑስማን ኢብኑ መዝዑን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ ነበር። ነፃ የወጣ አንድ አገልጋዩ በመዲና አቅራቢያ የጎመንና የኪያር እርሻውን ይጠብቅ ነበር። ይህ አትክልተኛ እንዳወጋው፣ ዑመር አንዳንድ ቀን በቀትር፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ልብሳቸውን በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ብቻቸውን ይመጡ ነበር። የሚመጡት የክልክሉ ዛፍ እንዳይቆረጥና ቅጠሉ በበትር እንዳይረግፍ ለመቃኘት ነው። ሲደክማቸው ከአትክልተኛው ጋር ይቀመጣሉ፤ እሱም ከኪያሩና ከጎመኑ ያቀርብላቸዋል፤ ያወጋሉ።

አንድ ቀን ይህ ሰው ከዚያ ስፍራ እንደማይለይ አስተውለው በአካባቢው ዛፍ ላይ ሾሙት። ዛፍ የሚቆርጥ ወይም ቅጠል የሚያረግፍ ሰው ካገኘ መጥረቢያውንና ገመዱን እንዲወስድበት አዘዙት። አትክልተኛው ኩታውንም ልውሰድበት ወይ ብሎ ጠየቀ። ዑመር አይሆንም አሉት።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ቅጠል ማርገፍን የከለከሉት ሰው በልጅነታቸው በአባት ትዕዛዝ ቅጠል ያረገፉት ያው ልጅ ናቸው። ስለዚህ ያንን ድርጊት የሚፈጽመው ሰው ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ድኃ፣ አገልጋይ ወይም እረኛ ነው። ጉዳት የሚያደርስበት መሣሪያ ይወሰድበታል፤ ከብርድና ከኀፍረት የሚሸሸግበት ልብስ ግን አይነካም። የጥበቃውንም ሥራ የሰጡት ለባለ ሥልጣን ሳይሆን ቀድሞ የሰው አገልጋይ ለነበረ ሰው ነው።

ሌላም አለ። በሐጅ ወቅት ሚና ላይ ለሕዝቡ ሲናገሩ፣ በተራራው ላይ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው አዩ። ስፍራው የመካ ሐረም ነው። አስጠሩትና ዛፉ እንደማይቆረጥ አታውቅም ወይ ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ማወቁን አልካደም፤ ግመሉ ከስታ ስለደከመችበት መኖ ፈልጎ መቁረጡን ተናገረ። ዑመር ሌላ ግመል ሰጡት፤ ዳግመኛ እንዳይቆርጥም አስጠነቀቁት፤ ሌላ ቅጣት ግን አልጣሉበትም። ክልከላው ጸንቷል፤ ሰውዬውን ወደ ዛፉ የገፋው ችግርም ተወግዷል።

በ639 በአረብ ምድር ታላቅ ድርቅ ገባ። ነፋሱ እንደ አመድ ያለ አቧራ ስለሚያነሣ ዘመኑን የአመድ ዓመት አሉት። ዑመር ሕዝቡ እስኪያገግም ሥጋና ቅቤ በአፋቸው ላለማስገባት ወሰኑ፤ ዘይት ብቻ እየበሉ መልካቸው ተለወጠ። ከሻምና ከግብፅ እህል አስመጡ። በዚያ ዘመን በረኃብ ለሰረቀ ሰው የሌብነትን ቅጣት እንዳገዱም ይታወቃል።

የሚቀጥለው ፍርዳቸው ስለ ዛፍ አይደለም፤ ግን ከላይ ካነሣሁት ሁለተኛ ጥያቄ ጋር ይገናኛል። ሓጢብ ኢብኑ አቢ በልተዐ የተባለ ሰው ነበር፤ ስሙ በአረብኛ እንጨት ለቃሚ ማለት ነው። የዚህ ቤት ባሮች የአንድ የሙዘይና ጎሣ ሰው ግመል ሰርቀው አረዱ። ነገሩ ዑመር ዘንድ ቀረበ። መጀመሪያ በሌቦቹ ላይ ፈረዱ። ከዚያ ግን ባሮቹ በጌታቸው ቤት እንደሚራቡ ተረዱ። ፍርዱ ተገለበጠ። የባሮቹ እጅ ተረፈ፤ ዕዳው በጌታው ላይ ወደቀ። የግመሏ ባለቤት 400 ዲርሃም ይገምታታል፤ ዑመር ጌታውን 800 አስከፈሉት። ጥፋቱን የፈጸመውን እጅ ብቻ ሳይሆን፣ ያንን እጅ ወደ ጥፋት የገፋውን ሰው አዩ ማለት ነው።

ዑመር ሁልጊዜ ሁሉም ደስ ብሎት የሚሄድበት ፍርድ ሰጡ ብዬ አላታልልሽም። የገደላቸውም አገልጋይ ነው። አቡ ሉእሉእ የተባለ፣ እጀ ብልኅ የፋርስ ሰው፣ ጌታው በየቀኑ የሚያስከፍለው በዝቶብኛል ብሎ አቤት አላቸው። እሳቸው ሙያውን አይተው ክፍያው እንደማይበዛበት ፈረዱ። ጥቂት ቆይቶ በ644 ኅዳር ወር በሱብሒ ሰላት ላይ ሳሉ በጩቤ ወጋቸው።

ከመወጋታቸው ጥቂት ቀናት በፊት ምን ያስጨንቃቸው እንደነበር ተመዝግቧል። የኢራቅን መሬት ለክተው ግብር የጣሉትን ሁለት ሹሞች፣ ሑዘይፋንና ዑስማን ኢብኑ ሑነይፍን አስቁመው ምድሪቱን ከአቅሟ በላይ አሸክማችኋት እንዳይሆን ብለው ጠየቁ። አላሸከምናትም ሲሏቸው እንደገና እንዲያጤኑ አሳሰቧቸው። በሞት አልጋቸው ላይ ደግሞ ልጃቸውን ዕዳቸውን እንዲቆጥር አዘዙ፤ 86,000 ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ከቤተሰቡ ንብረት እንዲከፈል ተናዘዙ። ከነቢዩ ጎን ለመቀበር እንኳ የቤቱን ባለቤት የዓኢሻን ፈቃድ አስጠየቁ።

ከእሳቸው በኋላ የመጡት የሸሪዓ ሊቃውንት የጉዳት ተጠያቂነትን በሁለት ቃላት ለዩ። ሙባሺር በገዛ እጁ ጉዳቱን ያደረሰው ነው፤ ሙተሰቢብ ደግሞ ምክንያት የሆነው። በገዛ እጁ ያጠፋ ሰው ሳያስብ ቢያደርገውም ካሣ ይከፍላል። ምክንያት የሆነው የሚጠየቀው ድንበር ካለፈ ነው። ሁለቱ አብረው ሲገኙ መጀመሪያ የሚያዘው በእጁ የፈጸመው ነው። አንድ ድርጊት የሚቆጠረውም በአዛዡ ላይ ሳይሆን በፈጻሚው ላይ ነው፤ ፈጻሚው ተገድዶ ካልሆነ በቀር። በ19ኛው መቶ ዘመን የኦቶማን መንግሥት መጀለ በተባለው የሕግ መጽሐፉ ይህንኑ በአንቀጽ በአንቀጽ አስፍሮታል።

ይህን ስታነቢ ትንሽ እንድትደነግጪ እፈልጋለሁ። ትዕዛዙ የሌላ ነው፤ መጥረቢያው ግን ያለው በአንቺ እጅ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2020 ባወጣችው የአካባቢ ሕግ ዛፍ መቁረጥ፣ ያለ ፈቃድ ከበረሃ ማገዶ መሰብሰብና ባልተፈቀደ ስፍራ እሳት ማንደድ ያስቀጣል። የአካባቢ ጥበቃ ልዩ ኃይል በየበረሃው ይዞራል፤ የሚያገኘውም እንጨቱን የያዘውን ሰው ነው። በሌላ በኩል በ2023 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በእሱ ትዕዛዝ ሥር የሚሠራ ሰው በሥራው ላይ ሳለ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ለተጎጂው ተጠያቂ ያደርገዋል። የሓጢብ ቤት ፍርድ መንፈስ በዚህ ውስጥ ይታየኛል። ነገር ግን ይህ የሚናገረው ስለ ካሣ ነው። ቅጣት ሌላ ነገር ነውና ሕጉ ለእኔ ይቆምልኛል ብለሽ እጅሽን ወደ ግራሩ አትስጂ።

ይልቅስ ከመነሣታችሁ በፊት ማገዶና ከሰል ከሱቅ ተገዝቶ መጫኑን አስታውሺ። ከቆመ ዛፍ ቅርንጫፍ እንድታመጪ ከታዘዝሽ መምኑዕ የሚለውን ቃል ታውቂዋለሽ፤ በትሕትና በይው። ቅጣት እንዳያገኛቸው ብለሽ መሆኑን ከተረዱ ብዙዎቹ ያመሰግኑሻል። እሳቱን በምድጃ ውስጥ እንጂ በዛፍ ሥር አታንድጂ፤ ስትነሡም ውኃ ወይም አሸዋ አፍስሽበት።

ዑመር የከለሉት ረበዛ ኋላ ከኢራቅ ወደ መካ በሚወስደው የሐጅ መንገድ ላይ ከተማ ሆኖ ነበር። ፍርስራሹን ከ1979 ጀምሮ የቆፈረው እዚሁ ሪያድ ያለው የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከተገኘው ዕቃ ጥቂቱ በሪያድ ብሔራዊ ሙዚየም ይታያል። ዕረፍት በሚሰጡሽ ቀን ብቅ ብትይ፣ የሸክላውን ስብርባሪ ስታዪ በቀትር ልብሳቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው ዛፍ ሲቃኙ የነበሩትን ሰው፣ ኪያር አቅርቦ ያወጋቸውንም አትክልተኛ አስቢያቸው።